ጣርማበርን በ«ዲ» አትውረዱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቤት መኪና አያያዝ ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ክፉ አይደለም። ዘይት ቀይሩ፣ ጎማ አስነፉ፣ ቀበቶ እሰሩ ይላል፤ ማን ይጠላል? ግን ጸሐፊው ከቦሌ መገናኛ ከሚመላለስ መኪና ሌላ ያየ አይመስለኝም። እኛ ያለነው ሰሜን ሸዋ ነው። እዚህ መኪና ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ መስታወቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነሳል፣ ረፋዱ ላይ ጣርማበር ጉም ውስጥ ይገባል፣ ለምሳ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ ይቀበለዋል። ያው መኪና ነው፤ ቀኑም ያው። ለአዲስ አበባ አስፋልት የተጻፈ ምክር እዚህ ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስም። ቅር አይበላችሁና የጎደለውን ልሙላ።

ማን ነህ ብትሉኝ ከመሪ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከባድ መኪና ይዤ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ብዙ ዘመን ተመላልሻለሁ። አሁን ያለችኝ አንዲት ኮሮላ ናት፤ ባለቤቴንና ልጆቹን ይዤ ለቅሶም ሰርግም የምሄድባት። ጋዜጣ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ረዘመ ብላችሁ የምትቆርጡት ካለ ቁረጡ፤ ስለ ቁልቁለቱ ያልኩትን ግን አትንኩብኝ።

የጣርማበር ዋሻ ያለው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነች። ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ሰውና ዕቃ የጫነ መኪና ይህን ያህል ሲወርድ ክብደቱን አንድ ነገር መያዝ አለበት። ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ሦስተኛ የለም። ፍሬን ደግሞ የሚይዘው በሰበቃ ነው፣ ሰበቃ ሙቀት ነው፣ ሙቀቱ ሲጠራቀም የፍሬን ሸራው መንከሱን ይተዋል። ከዚያ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለው» ተብሎ ይወራል።

የከባድ መኪና ሰው ይህን ከጡት ጋር ነው የሚማረው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉናል አሮጌዎቹ ሹፌሮች። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣኸው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ። የቤት መኪና የሚይዘው ሰው ግን ይህ ነገር የሲኖትራክና የአውቶቡስ ጣጣ ይመስለዋል። ትንሽ መኪና ናት፣ ፍሬኗም አዲስ ነው፣ ምን ትሆናለች ይላል።

አዲስ አበባ የሚኖር የእህቴ ልጅ ቪትዝ ገዛ። ደብረ ሲና ያሉ ዘመዶች ጋ እንሂድ ብሎ መጣና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጁ በከተማ ጎበዝ ነጂ ነው፤ ሐሜት አይሁንብኝ። ዋሻውን ወጥተን መንገዱ ሲያጎነብስ ግን እግሩን ፍሬን ላይ ጫነና እዚያው ተወው። ማርሹ «ዲ» ላይ ነው። ማርሽ ቀንስ አልኩት። «ጋሼ፣ አውቶማቲክ እኮ ነው፣ ራሱ ያውቃል» አለኝ። አያውቅም! አውቶማቲክ ማርሽ ፊት ለፊቱ ያለውን ቁልቁለት አያይም። ብዙዎቹ እግርህ ከነዳጅ ላይ ሲነሳ የሚያስቡት ቤንዚን መቆጠብ ነው፤ ማርሹን ከፍ አድርገው መኪናውን ይለቁታል። ኩርባ በኩርባ ላይ እንዲህ ሆነን ወረድን። ደብረ ሲና ስንቆም ቆሎ የሚሸጡት ልጆች እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ሮጡ። አንዷ ቆሎዋን ሳትዘረጋ አፍንጫዋን ያዘችና «ጋሼ፣ ጎማችሁ ይሸታል» አለች። ወርደን ስናይ ከፊተኛው ቸርኬ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሽታው የተቃጠለ ጨርቅና የብረት ሽታ ድብልቅ ነው፤ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

የእህቴ ልጅ ሃይላንዱን አንስቶ ሊያፈስበት ሲል እጁን ያዝኩት። ይህን በደንብ ጻፉልኝ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም። ብረቱ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል፤ ከዚያ ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ማርሹን «ፒ» አድርጎ፣ ከጎማው ስር ድንጋይ ደግፎ፣ ነፋስ ላይ አቁሞ ቆሎ መብላት ነው። ደብረ ሲና ለዚህ የሚሆን ቆሎ አላት፣ ተመስገን።

እሺ አውቶማቲክ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ማርሹ አጠገብ ያሉትን ፊደሎች ይያቸው። «2» እና «ኤል» ያለው አለ። አንዳንዱ ላይ «ኤስ» እና «ቢ» ተጽፏል። በአሮጌዎቹ ኮሮላዎች ማርሹ ጎን ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን ስትጫኗት ከፍተኛው ማርሽ ይጠፋል። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ መኪናው ገና ቀስ ብሎ ሳለ፣ ዝቅ አድርጉት። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ! ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ ሞተር የፈነዳ ይመስለዋል። ዙሩን የሚያሳየው ቆጣሪ ቀዩ መስመር እስካልደረሰ ድረስ ምንም አይሆንም። ፍሬን ደግሞ አጥብቆ ረገጥ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቅቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ረገጥ ነው። ለስለስ አድርጎ ሳያነሱ ይዞ መውረድ ነው ፍሬንን የሚቀቅለው።

ሌላው በሽታ ዜሮ ማርሽ ነው። ቤንዚን ወደድ ካለ ወዲህ ቁልቁለት ሲያይ ዜሮ የሚያደርግ ሰው በዝቷል። ይህ ስሌት ራሱ የተሳሳተ ነው። የዛሬ መኪና በማርሽ ሆኖ ሲወርድ፣ እግር ከነዳጁ ላይ እስከተነሳ ድረስ፣ ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይዘጋዋል። ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ለቁጠባ ብሎ ዜሮ ያደረገ ሰው ቤንዚኑንም አወጣ፣ የሞተሩንም ድጋፍ አጣ። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ ደግሞ አለ። መሪው ድንጋይ ይሆንበታል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል፣ ቁልፉን ካወጣው መሪው ይቆለፋል። ለእሱ የምለው የለኝም።

አምላክ አያድርገውና ፍሬኑ ወለል ድረስ ከገባስ? ቶሎ ቶሎ እየደጋገሙ መርገጥ፤ አንዳንዴ ይመለሳል። ማርሽ አንድ በአንድ መቀነስ። የእጅ ፍሬኑን አዝራሩን እንደያዙ በዝግታ መሳብ፤ በአንድ ጊዜ ከተሳበ የኋላው ጎማ ይቆለፍና መኪናው ይሽከረከራል። ክላክስ ሳያቋርጡ መንፋት። ሁሉም ካቃተ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ መደገፍ ነው። የመኪናው ጎን ይላጣል። ይላጥ።

ስለ ፍሬን ዘይት ያወጣችሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። ይህ ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ክዳኑ ተዘግቶም ቢሆን በዓመታት ውስጥ ውሃ ይገባበታል። «ዶት 3» የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። «ዶት 4» ከ230 ወደ 155። ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ጣርማበር ላይ ይታወቃል፤ ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ስትጫኑት ይጨመቃል፣ እግራችሁ ባዶ ይረግጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ሙሉ ነው፣ አልጎደለም ብሎ መተው አይበቃም፤ ሙሉም ሆኖ ያረጀ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዥ አንድ ቅሬታ ላውጣ፤ ስም አልጠራም። አንድ ጋራዥ የፍሬን ዘይት ቀይሩልኝ ብዬ መኪናዋን ትቼላቸው ሄድኩ። ስመለስ ደረሰኝ ተቆርጧል፣ የፍሬን ዘይት ይላል፣ ዋጋው ተጽፏል። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ ያለው አቧራ ከነጥርጣሬዬ እዚያው ተቀምጧል። የጣት አሻራ እንኳ የለበትም! ጥያቄ ሳቀርብ ልጁ «ከስር ነው የቀየርነው» አለኝ። ከስር ይወጣል እንጂ ከስር አይሞላም ወንድሜ። ከዚያ ወዲህ መኪና ትቼ አልሄድም። ቆሜ አያለሁ፣ አሮጌውን ዕቃ በእጄ እቀበላለሁ፣ የዘይቱን ጣሳ ተዘግቶ ሳለ አያለሁ። መካኒኩ ይከፋው ይሆናል። ሐቀኛው አይከፋውም፤ እንዲያውም ያረጀውን ሸራ አምጥቶ በጥፍሩ እየለካ ያሳያችኋል።

ብርዱ ላይ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ሣሩ ጠዋት ነጭ ሆኖ ይገኛል። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጨምር ሰው ሁለት ጠላት አፍርቷል። አንዱ ክፉ ውርጭ ያደረበት ሌሊት ነው፤ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፣ ሲሰፋ የያዘውን ይሰነጥቃል። ሁለተኛው ዝገት ነው፣ እሱ በየቀኑ ይሠራል። መፍትሔው ኩላንት ነው፤ በመመሪያው ልክ ከንጹህ ውሃ ጋር የተደባለቀ።

ሰው የማያስበው ደግሞ ይህን ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ90 ገደማ ነው። ባቄላ ለምን ቶሎ አይበስልም የምትሉ እናቶች ታውቁታላችሁ። የመኪናው ሞተር ግን 90 ዲግሪ ላይ መሥራት የተለመደ ሥራው ነው። እንግዲህ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ማን ነው? የራዲያተሩ ክዳን። እሱ ነው ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ የሚያደርገው። ጎማው የደረቀና ምንጩ የላላ ክዳን ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዳገት ላይ ግን ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ያስበላችኋል። በተለይ ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ስትመለሱ። ሙቀት ማሳያው ከፍ ካለ ዳር ያዙ፣ ሞተሩ ይረፍ፣ ክዳኑን ግን ሳይቀዘቅዝ አትንኩት። ጨርቅ ይዤ ነው የምከፍተው የሚል ጀግና ፊቱን ነው የሚቀቅለው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ የደከመ ቢመስላችሁም አትደንግጡ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። ማርሽ ቀንሱና በትዕግሥት ውጡ።

ከብርዱ ጋር የሚመጣ አንድ ሞት አለ፣ ድምፅ የሌለው። የማስጠንቀቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ ባለመኖሩ ገርሞኛል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ለንግሥ ወይም ለጸበል የሚሄድ ቤተሰብ መኪና ውስጥ ያድራል። ብርድ ነው፣ ልጆች አሉ። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ሞተር ተነስቶ ይታደራል። የባሰው ደግሞ የከሰል ምድጃ ያስገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። ራስ ያምማል፣ እንቅልፍ ይጫናል፣ ሰውዬው ደክሞኝ ነው ብሎ ጋደም ይላል። አለቀ። በቀዝቃዛ ጠዋት በሩን ዘግቶ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማሞቅም ያው ነው። ጋቢ ድረቡ፣ ቡልኮ ያዙ፤ እሳት ግን መኪና ውስጥ አይገባም። ሞተሩን ለማሞቅ ደግሞ ቆሞ ማጓራት አያስፈልግም። አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ሳያጣድፉ መንዳት ነው፣ እየሄደ ይሞቃል።

ጎማ። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ኋላ አራት አሃዝ ያለበት ሞላላ ሳጥን ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር 2019 ዓመተ ምሕረት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ጥሩ ጎማ ማለት አይደለም። ላስቲኩ ያረጃል፣ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ያወጣል። ሰልባጅ ጎማ የምትገዙ ሰዎች ሻጩ ጥርሱን ሲያሳያችሁ እናንተ ቀኑን ፈልጉ። ስድስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፤ አሥር ከሞላው የምታዩትም ነገር የለ፣ ጣሉት። ስኮርታውም እንደዚያው፤ ተኝቶም ያረጃል።

አየሩን በተመለከተ፣ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ለሰውና ለሙሉ ጭነት ስንት እንደሚነፋ ይናገራል። ጎሚስታው «ስንት ላድርገው?» ሲላችሁ «አንተ ታውቃለህ» አትበሉት። የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፣ ጠዋት ሳይነዳ። ሸዋ ሮቢት ደርሳችሁ ስትለኩ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ሞቆ ነው፤ እንዳታስተነፍሱት፤ ማታ ደብረ ብርሃን ስትመለሱ ጎማችሁ ጎድሎ ያድራል። ለበዓል ደግሞ አምስት ሰው፣ ከኋላ በግ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ የምንጃር ጤፍ ተጭኖ የሚወርድ መኪና አያለሁ። ጣሪያ ላይ የተጫነ ክብደት ኩርባ ላይ መኪናውን ይጎትተዋል። ጤፉን ወደ ውስጥ፣ ዝቅ አድርጉ። በጉ በአይሱዙ ይምጣ።

ጉሙን እንዴት ልንገራችሁ? ያላየ ሰው አይገባውም። ከጣርማበር ጠርዝ ስር ተነስቶ ይመጣና በአንድ ደቂቃ ውስጥ የራሳችሁን ኮፈን ጫፍ ይወስድባችኋል። አንዳንድ ሰው ያኔ ረጅም መብራት ያበራል። ረጅሙ መብራት ጉሙን መትቶ ይመለስና ዓይናችሁ ላይ ነጭ ግድግዳ ያቆማል። አጭሩን አብሩ፤ የጉም መብራት ካላችሁ እሱን ጨምሩ። አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጩ መንዳት ደግሞ አትልመዱት፤ ከኋላ ያለው ሰው ቆማችሁ ይሁን እየሄዳችሁ፣ ወደየት እንደምትታጠፉ አያውቅም። እሱ ስትቆሙ ነው። ስትቆሙም ከአስፋልቱ ጨርሳችሁ ውጡ። ራዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን ትንሽ ክፈቱ፤ ጉም ውስጥ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል። አህያና በግ ፍሬቻ የላቸውም፤ እረኛው ግን ያፏጫል፣ ትሰሙታላችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ውስጥ ስትገቡም ቀን ነው ሳትሉ መብራት አብሩ፣ ጥቁር መነጽር አውልቁ። ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ጨለማ ነው፣ ከፊት የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባድ መኪና ነው።

አሁን የምናደድበትን ልናገር። መኪና ሲበላሽ ድንጋይ አስፋልት ላይ መደርደር የአገራችን ልማድ ነው። ጎማ ይደገፍበታል፣ ለምልክትም ይሆናል። ይሁን። ሲጨርሱ ግን ማንም አያነሳውም! ጎማውን ቀይሮ፣ ክሪኩን ጭኖ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ድንጋዩን እዚያው ትቶ ይሄዳል። ማታ ጉም ውስጥ ለሚመጣው ሰው ያ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ የሞት ወጥመድ ነው። ከባድ መኪናውማ ይረግጠውና ያልፋል፤ የቤት መኪና ግን ከስሯ ያለው የዘይት ቋት ይበሳል፣ ወይም ነጂው ለመሸሽ ሲል መሪ ይሰብራል። ባለ ሦስት ማዕዘኗን አንጸባራቂ ግዙ። ኩርባ ካለ ከኩርባው ወዲያ ማዶ አስቀምጧት፣ ከመኪናው አጠገብ ሳይሆን። ድንጋይ ከተጠቀማችሁም አንሱ። ያልደረደራችሁትንም ብታዩ፣ ቦታው ከፈቀደ፣ ወርዳችሁ አንሱ።

ስለ ልጆች። ጽሑፋችሁ ቀበቶ እሰሩ ብሎ አልፏል። የትኛውን ቀበቶ? እዚህ ከተማ ውስጥ የኋላ መቀመጫውን አንስታችሁ እዩት። መኪና ተገዝቶ መጀመሪያ የሚደረግለት የወንበር ልብስ ነው፤ ባለሙያው ሲያለብስ የኋላውን ቀበቶ መቆለፊያ ከስር ቀብሮት ይሄዳል። የጎረቤቴን መኪና ለልጆቹ ብዬ ስፈትሽ ሦስቱም መቆለፊያ ከልብሱ ስር ተገኘ፤ አንዱ ላይ የከረሜላ ወረቀት ተጣብቆበታል። መኪናው ከመጣ ጀምሮ ከኋላ ማንም ታስሮ አያውቅም ማለት ነው። ልብሱን በምላጭ ቀደድ አድርጎ ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሕፃን አቅፎ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥንም እናቶች ተዉ። አጥብቄ እይዘዋለሁ ትላላችሁ፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትጋጩ የአሥር ኪሎ ሕፃን ክብደት ከብዙ ኩንታል ጋር የሚተካከል ኃይል ይሆናል፣ የማንም ክንድ አይችለውም። ከፊቱ ያለው የአየር ከረጢት ደግሞ ሲፈነዳ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ነው የሚወጣው። የተሠራው ለአዋቂ ደረት ነው። የሕፃን ወንበር ውድ ነው፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ልብ አይገኝም፣ አውቃለሁ። የሚችል ይግዛ። የማይችል ቢያንስ ልጁን ኋላ ያድርግ፣ ከፍ ያለውን ልጅ በቀበቶ ይሰር፣ አንድ ቀበቶ ለሁለት ልጅ አይሁን።

ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም ከዚህ ሁሉ ነጻ ነን አትበሉ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ቁጥራችሁ እየበዛ ነው፤ በዚህ መንገድም አያችኋለሁ። ቁልቁለት ላይ ሞተራችሁ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ሸጋ ነገር ነው፣ የእኔ ኮሮላ ይህን አታደርግም። ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለስበትን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ያኔ የሚይዛችሁ ተራው ፍሬን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ መቶ በመቶ ሞልታችሁ አትድረሱ። ብርድ ደግሞ ባትሪውን ያደክመዋል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያሳያችሁ ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ያንሳል። ዳገት ሲጨመር ደግሞ የበለጠ። ተርፎኝ እደርሳለሁ ብላችሁ ስታሰሉ ይህን ቀንሱ።

ጽሑፋችሁ ላይ ቦሎ ማደስ በትልቁ ተጽፏል። ይታደስ፣ ሕግ ነው። ቦሎ ግን መኪናው በዚያች ቀን እንዴት እንደነበረ ነው የሚናገረው። ዛሬ ማታ የፍሬን መብራታችሁ መብራት አለመብራቱን የሚነግራችሁ ልጃችሁ ነው፤ ከኋላ አቁሙትና እናንተ ርገጡ።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአውቶማቲክ ማርሽ ፎቶ በትልቁ አውጡና ቁልቁለት ላይ የትኛው ፊደል እንደሚያስፈልግ በቀስት አሳዩ፤ ከገና በፊት ይሁን፣ ከገና እስከ ጥምቀት አዲስ አበባ ያለው ሁሉ መኪናውን ይዞ ዘመድ ጥየቃ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የሚጽፈውን ልጅ አንድ ቀን ወደዚህ ላኩት። ጣርማበርን አብረን እንወርዳለን፣ እሱ ይነዳል፣ የምሳው ሒሳብ በእኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የኮሮላው ሰውዬ፣ ከደብረ ብርሃን

የረሳሁት፦ ባለቤቴ ደብዳቤውን አንብባ «መኪና ውስጥ መያዝ ያለበትን ሳትጽፍ?» አለችኝ። እሷ የምትይዘው ይህን ነው፦ ጋቢ፣ አምስት ሊትር ውሃ፣ የራስ ባትሪ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ንጹህ ነጠላ ለቁስል ማሰሪያ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥርም 907 ዳሽቦርዱ ላይ በእጇ ጽፋ ለጥፋለች። እኔ የምጨምረው የቡሎን መፍቻ ብቻ ነው፤ ከመንገድ በፊት ቤት ቆማችሁ አንድ ቡሎን ፍቱበት፣ ጎሚስታው በማሽን አጥብቆት እንደሆነ እምቢ ማለቱን እዚያው ታውቁታላችሁ።